ከሥራ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል፦ የንግግር ክበብ ምሽት እንዴት ይዘጋጃል?

በአንድ የጡረታ ሽኝት ላይ ማይክሮፎኑ ወደ አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ደረሰ። ከተሸኚው ጋር 19 ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ፣ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተያይተው የሠሩ ናቸው። ተነሡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ «ከእኔ በፊት የተናገሩት ሁሉንም ብለውታል፤ የምጨምረው የለኝም» ብለው ተቀመጡ። ማታ ታክሲ ሰልፍ ላይ አብረን ቆመን ሳለ ስለዚያው ሰው አንድ ታሪክ አጫወቱኝ። ደመወዝ በዘገየበት ወር ተበድሮ ለጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ ደብተርና ዩኒፎርም የገዛበትን ቀን ነው የነገሩኝ። ከኋላችን የተሰለፉት ሰዎች ሳይቀሩ ጆሯቸውን ሰጥተው ያዳምጡ ነበር። «ይህን መድረኩ ላይ ለምን አልተናገሩትም?» አልኳቸው። «ኧረ ተወኝ፣ ሰው ምን ይለኛል?» አሉኝ።

ያ ታሪክ ለባለቤቱ ሳይደርስ ቀረ። የንግግር ክበብ ማደራጀት የጀመርኩት ከዚያ ምሽት በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ማክሰኞዎችን በዚሁ አሳልፌያለሁ። ከብዙ ሰው ጋር ተቀምጬ የተረዳሁት ነገር ቢኖር እኛን ከመናገር የሚያግደን ይሉኝታ መሆኑን ነው። «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ነው ያደግነው። ይሉኝታ ደግሞ ከሁለት በኩል ይይዘናል፤ ተናጋሪውን «ምን ይሉኛል» እያሰኘ ያፍነዋል፣ አድማጩን «ቅር ይለዋል» እያሰኘ እውነተኛ አስተያየቱን ያስውጠዋል። በዚህ የተነሣ ሃያ ዓመት ስብሰባ የመራ ሰው «በጣም ጥሩ ነበር» ከሚል ቃል በቀር ስለ ንግግሩ አንድም ነገር ሳይነገረው ይኖራል። የንግግር ክበብ ምሽት እነዚህን ሁለት ቋጠሮዎች መፍቻ ነው። ከዚህ በታች የጻፍኩት አንዱን ምሽት ከዝግጅቱ እስከ መዝጊያው እንዴት እንደሚመሩት ነው።

አሠራሩ ከየት መጣ

በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት ሥርዓት ቶስትማስተርስ የተባለው የንግግር ክበቦች ድርጅት ሥርዓት ነው። ራልፍ ስሜድሊ የተባለ የወወክማ (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) ሰው በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያዋ ሳንታ አና ከተማ፣ በማኅበሩ ሕንጻ ምድር ቤት ጥቂት ሰዎችን ሰብስቦ ነው የጀመረው። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 12 ቀን 1917 ዓ.ም. ነበር። ስሜድሊ ያየው ቀላል ነገር ነው፤ ወደ ማኅበሩ የሚመጡት ወጣቶች ሥራ ያውቃሉ፣ ቆመው መናገር ግን ያቅታቸዋል። ስለዚህ በየተራ እንዲናገሩ፣ በየተራ እንዲመሩ፣ አንዱ የሌላውን እንዲያርም አደረገ። ዛሬ ይኸው አሠራር ከ140 በሚበልጡ አገሮች ይሠራበታል፤ አዲስ አበባም ውስጥ ክበቦች አሉት።

በእኛም ዘንድ የአንደበት ሥልጠና አዲስ ነገር አይደለም። በድሮው ሙግት ባለጉዳዮች በዳኛ ፊት ቆመው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፣ ቤት በሚመታ ንግግር ይከራከሩ ነበር፤ አድማጩም ማን ነገሩን አሳምሮ እንደተናገረ ይፈርድ ነበር። በእኛ ዘመን ደግሞ ብዙዎቻችን ማይክሮፎን ለመጀመሪያ ጊዜ የጨበጥነው በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የሚያለማምደን ቦታ አጣን። ትልቅ ሰው ስንሆን መድረክ የምናገኘው በሠርግ፣ በሐዘን፣ በሽኝትና በሥራ ግምገማ ብቻ ነው፤ እነዚህ ደግሞ መለማመጃ አይሆኑም።

ሰው፣ ቀንና ቦታ

ለመጀመር ስምንት ሰው ይበቃል። ከስምንት ካነሱ የሥራ ድርሻው ሰው ላይ ከመጠን በላይ ይደራረባል፤ ከሠላሳ ከበለጡ ደግሞ ተራው ስለሚርቅ ሰው ተመልካች ሆኖ ይቀራል። ሃያ አካባቢ ሲደርሱ ሁለተኛ ክበብ ስለማቋቋም ማሰብ ይጀምሩ። ሰዎቹን ሲጋብዙ ከአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ አይሰብስቡ። አለቃና ሠራተኛ አንድ ክፍል ውስጥ ካሉ ይሉኝታው እጥፍ ይሆናል። የባንክ ሠራተኛው፣ ነርሷ፣ መምህሩ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋና ባለሱቁ ሲቀላቀሉ ነው ምሽቱ የሚያምረው።

ስለ ቋንቋው አስቀድመው ይስማሙ። ብዙ ሰው የንግግር ክበብ ሲባል እንግሊዝኛ መለማመጃ ይመስለዋል። እንግሊዝኛው ይጠቅማል፣ አልነቅፈውም፤ ነገር ግን የእድራችንን ስብሰባ የምንመራው፣ ልጃችንን የምንድረው፣ ጎረቤታችንን የምናስታርቀው በአማርኛ ነው። በገዛ ቋንቋው አምስት ደቂቃ ቆሞ መናገር ያልቻለ ሰው በሰው ቋንቋ ሲሞክር የሚያመጣው የተሸመደደ ነገር ነው። የእኔ ምክር በአማርኛ ይጀምሩ የሚል ነው። ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የሚቀናው አባል ካለ፣ ሰሚ እስካለ ድረስ በዚያው ይናገር።

ቀኑ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ቢሆን ይመረጣል፤ ዓርብ ማታ ሰው ልቡ ሌላ ቦታ ነው። በየሁለት ሳምንቱ መገናኘት ለሠራተኛ ሰው ተመጣጣኝ ነው። ምሽት 12 ሰዓት ተጀምሮ 1፡30 ላይ ማለቅ አለበት። ይህችን 1፡30 እንደ ዓይንዎ ብሌን ይጠብቋት። ታክሲ ሲያልቅ፣ መንገዱ ሲጨልም፣ በተለይ ሴቶቹ አባላት ሰዓታቸውን ማየት ይጀምራሉ፤ ሁለት ጊዜ የዘገየ ስብሰባ ሦስተኛ ላይ ሰው አያገኝም። ቦታውንም ከታክሲ መያዣ በእግር አሥር ደቂቃ በማይሞላ ርቀት ይፈልጉ። የትምህርት ቤት ክፍል፣ የወጣት ማዕከል፣ ቤተ መጻሕፍት ወይም ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚፈቀድ የመሥሪያ ቤት አዳራሽ ይሆናል። ካፌ አይሆንም፤ የማኪያቶው ማሽን በጮኸ ቁጥር ተናጋሪው ይቋረጣል።

አዳራሹ ውስጥ ፊት ለፊት የክብር እንግዳ ጠረጴዛ ካለ ያንሡት። ወንበሮቹን በግማሽ ክብ ያድርጓቸው። አንድ አትሮንስ ወይም ከፍ ያለ ጠረጴዛ፣ በላዩ አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ ሌላ የሚያስፈልግ ነገር የለም። ማይክሮፎንም አይፈልጉ፤ ለሃያ ሰው የሚሆን ድምፅ ፈጣሪ ሰጥቶናል፣ ልምምዱም እሱን ማውጣት ነው። ቻርጅ የተደረገ የእጅ ባትሪ ግን ይያዙ። አንድ ማክሰኞ አንዲት ልጅ ስለ አያቷ እንጀራ አጋገር እየተናገረች መብራት ድርግም አለ። እሷ አላቆመችም። በጨለማው ውስጥ «ምጣዱ ሲሰማ፣ ጎመን ዘሩ ሲታሽ…» የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር፤ ባትሪው ሲበራ ሁላችንም ወደ ፊት ዘንበል ብለን ተቀምጠን ራሳችንን አገኘነው። መብራት ስለ ጠፋ ስብሰባ አይበተንም።

ድርሻ ማከፋፈል

ከስብሰባው አንድ ሳምንት በፊት ድርሻዎቹ በስም መያዝ አለባቸው። በቴሌግራም ቡድናችሁ ላይ ዝርዝሩን ይለጥፉና ሰው ራሱ ስሙን እንዲያስገባ ያድርጉ፤ ክፍት የቀረውን ደውለው ይሙሉ። ድርሻው በየስብሰባው ይዘዋወራል፤ ሁልጊዜ የሚመራ ሰው ካለ ክበቡ የእሱ ይሆናል።

መድረክ መሪው ምሽቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሸጋግራል። ሰዓት ያዡ ደቂቃ ይቆጥራል። ቆጣሪው ልማዳዊ ቃላትን ይመዘግባል፤ ስለሱ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። የቋንቋ ታዛቢው ያማረ አነጋገርና የተሳሳተ አጠቃቀም ይለቅማል። ሦስት ተናጋሪዎች ይኖራሉ፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ አስተያየት ሰጪ ይመደባል። ድንገቴ፣ ማለትም ሳይዘጋጁ የሚናገሩበት ርዕስ፣ የሚያቀርብ አንድ ሰው ያስፈልጋል። የመጨረሻው አጋፋሪው ነው፦ 11፡40 ላይ ደርሶ ወንበር የሚያስተካክል፣ እንግዳ በር ላይ ተቀብሎ ከአንድ አባል አጠገብ የሚያስቀምጥ። ይህን ድርሻ አይናቁት። አዲስ ሰው ተመልሶ መምጣት አለመምጣቱን የሚወስነው በሩ ላይ ባገኘው ፊት ነው።

ሰዓትና ሦስት ቀለማት

አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ወረቀት ይቁረጡ። የተዘጋጀ ንግግር ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ይሰጠዋል፦ 5 ላይ አረንጓዴ፣ 6 ላይ ቢጫ፣ 7 ላይ ቀይ። የድንገቴ ንግግር ከ1 እስከ 2 ደቂቃ፣ አስተያየት ደግሞ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ነው። ቀዩ ከወጣ በኋላ ሐሳብ መቋጫ 30 ሰከንድ ይፈቀዳል። ሰዓት ያዡ ተናጋሪው ቀና ሲል በሚያየው ቦታ፣ ከኋላ መሐል ላይ ይቀመጥ፤ ወረቀቱን ዝም ብሎ ያንሣው እንጂ አያውለብልበው።

30 ሰከንዱ ካለፈ መድረክ መሪው ማጨብጨብ ይጀምራል፣ ሁሉም ይከተላል፣ ተናጋሪው ይወርዳል። ይህ መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል። «ትልቅ ሰው እንዴት ይቋረጣል?» የሚል ቅሬታ ይመጣብዎታል፤ እኔም መጥቶብኛል። ይጽኑ። ሕጉ ለሁሉም አንድ ሲሆን የማንም ክብር አይነካም። ትልቁ ሰው ስምንት ደቂቃ ከወሰዱ ግን ከእሳቸው በኋላ የምትናገረው ልጅ የእሷን ድርሻ ተቀምታለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ከተራዋ የሚቀነስባት እሷው ናት።

የተዘጋጀው ንግግር

አዲስ አባል በመጀመሪያ ንግግሩ ራሱን ያስተዋውቃል፤ ለዚህ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ይበቃል። የትውልድ ዘመንና የትምህርት ማስረጃ እንዲዘረዝር አይፍቀዱለት፣ ያንን ለቅጥር ይተወው። ከሕይወቱ አንድ ቀን መርጦ እሱን ይንገረን።

ሦስት ነገር አስቀድመው ይንገሩት። አንደኛው ሰላምታው ነው። የእኛ ሰው መድረክ ሲወጣ «የተከበሩ የዕለቱ መድረክ መሪ፣ የተከበራችሁ አባላት፣ እንዲሁም ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ በቅድሚያ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ…» ሲል ከአምስቱ ደቂቃ አንዱ ይሄዳል። «እንደምን አመሻችሁ» ብሎ ወደ ነገሩ መግባት በቂ ነው፤ አክብሮቱ በዝግጅቱ ይታያል።

ሁለተኛው ከቋንቋችን ጠባይ የሚመጣ ነው። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ተናጋሪው ሲጨነቅ «ሄጄ፣ አይቼ፣ ጠይቄ፣ እሱም መልሶልኝ፣ እኔም ተናድጄ…» እያለ ይቀጥላል፤ አድማጩ ማሰሪያውን እየጠበቀ ትንፋሹ ይቆማል። ወረቀት ላይ ዓይን ወደ ኋላ መመለስ ይችላል፣ ጆሮ ግን አይመለስም። ስለዚህ «ሄድኩ። አየሁ። ጠየቅኩ።» ብሎ መቁረጥን ይለማመድ። አንድ ረጅም ዐረፍተ ነገር ከሦስት አጫጭሮች በኋላ ሲመጣ ያምራል፤ አምስት ረጃጅሞች ተከታትለው ሲመጡ ግን አዳራሹ ይተኛል።

ሦስተኛው ከወረቀት ለሚያነቡ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ሰፊ» ልብስ ሰፊው ነው ወይስ ወርዱ የሰፋው? «ዋና» የውኃው ነው ወይስ አለቃው? «ገና» በዓሉ ነው ወይስ ጊዜው አለመድረሱ? አይቶ የሚያነብ ሰው መድረክ ላይ እነዚህን ያደናግርና ይሰናከላል። ንግግሩን ቤቱ ውስጥ ጮክ ብሎ ሦስት ጊዜ ያንብበው፣ አንዱን በስልኩ ይቅዳው፣ መልሶ ይስማው። ከዚያ ወረቀቱን ትቶ አምስት ቃል የተጻፈበት ትንሽ ካርድ ብቻ ይዞ ይውጣ።

የሚንቀጠቀጥ እጅ፣ የሚደርቅ አፍ፣ የሚመታ ልብ የሁሉም ሰው ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላም ጨርሶ አይጠፋም። ውኃው አትሮንሱ ላይ ያለው ለዚህ ነው። ከመናገሩ በፊት አንድ ጊዜ በረጅሙ ተንፍሶ፣ አንድ የሚያውቀውን ፊት ፈልጎ፣ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ለዚያ ሰው ይንገረው።

ድንገቴ

ከሦስቱ ንግግሮች በኋላ 12፡35 ገደማ ይሆናል። እስከ 1 ሰዓት ያለው ጊዜ የድንገቴ ነው። ርዕስ አቅራቢው አንድ ጥያቄ ያነሣል፣ ጥቂት ዝም ይላል፣ ከዚያ ስም ይጠራል። ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው፤ ስሙን አስቀድሞ ከጠራ የቀረው ሰው ተዝናንቶ ይቀመጣል፣ ጥያቄውን ካስቀደመ ግን ሁሉም በልቡ መልስ ያዘጋጃል።

ጥያቄው ማንም የሚያውቀው ነገር ይሁን። «በገዛ ገንዘብሽ መጀመሪያ የገዛሽው ጫማ ምን ሆነ?» «በሰፈራችሁ የጠፋ ግን መመለስ ያለበት ነገር ምንድን ነው?» «ወያላ ብትሆን ተሳፋሪውን ምን ብለህ ትጠራለህ?» ሃይማኖትና ፖለቲካ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይቆዩ። ጉዳዮቹ ትልቅ ናቸው፤ ገና ያልተለማመደ ክበብ ግን ሁለት ደቂቃ ውስጥ ሊይዛቸው አይችልም፣ ሰው አኩርፎ ይሄድበታል። እንግዳ እንዲናገር ይጋበዝ እንጂ አይገደድ። አዲስ መጥታ «እኔ ዛሬ ለማየት ነው» ያለችን አንዲት ነርስ በሦስተኛው ምሽት ስለ ጫማው ሲጠየቅ እጇን ራሷ አነሣች፤ የመርካቶ ጫማ ነበር፣ በክረምት ተረከዙ ጭቃ ውስጥ ቀርቶባታል። የተናገረችው አንድ ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ነው። ሰዓት ያዡ አረንጓዴውን ሲያነሣ ፊቷ ላይ ያየሁት ብርሃን እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

አስተያየት፦ የምሽቱ ልብ

ክበቡን ከሌላ ጭውውት የሚለየው ይህ ክፍል ነው። እዚህ ላይ ከደከሙ ሌላው ሁሉ ልፋት ብቻ ይሆናል።

በመጀመሪያ «ግምገማ» የሚለውን ቃል ከክበባችሁ ያውጡት። ብዙዎቻችን ይህን ቃል የምናውቀው ከመሥሪያ ቤት ነው፣ ከሂስና ከግለ ሂስ ጋር ተያይዞ፣ ሰው ተነሥቶ ጥፋቱን እንዲዘረዝር ከሚደረግበት ክፍል። ቃሉ በተጠራ ቁጥር ትከሻ ይኮማተራል። «አስተያየት» ይበቃል።

አስተያየት ሰጪው ከንግግሩ በፊት ተናጋሪውን ያነጋግር፦ «ዛሬ ምን እንድከታተልልህ ትፈልጋለህ?» ይበለው። አንዱ ዓይኑን ከወረቀት ማንሣት ይፈልግ ይሆናል፣ ሌላዋ ድምፅዋን ማጉላት። ንግግሩ ሲያልቅ ለሁሉም አድማጭ አንድ ደቂቃ ይሰጥና በቁራጭ ወረቀት ሁለት መስመር ይጻፉ፤ አንድ የወደዱት፣ አንድ የሚሻሻል። ወረቀቶቹ ታጥፈው ለተናጋሪው ይሰጣሉ። በአፉ ለመናገር የሚያፍር ሰው በጽሑፍ እውነቱን ይናገራል።

ከ1 ሰዓት በኋላ አስተያየት ሰጪዎቹ በየተራ ይቆማሉ። ሁለት ነገር ያስተውሉ። የሚነገረው ስለ ንግግሩ እንጂ ስለ ሰውየው አይደለም፤ «ትፈራለህ» ማለት ፍርድ ነው፣ «እጅህ እስከ ሦስተኛው ደቂቃ ኪስህ ውስጥ ነበር» ማለት ግን የሚስተካከል ነገር መጠቆም ነው። ሌላው ምሳሌ መጥቀስ ነው። «ጥሩ ነበር» ከተባለ «የቱ ቦታ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ ቦታውን ካልጠቀሰ አልሰማም ማለት ነው።

አንድ ምሽት አንድ ጡረተኛ መምህር በልጅነታቸው ስለ ተሻገሩት የክረምት ወንዝ ተናገሩ። አስተያየት ሰጪዋ የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። ልትቆም ስትል ወደ እኔ ዞር ብላ «እንዴት ብዬ ለእሳቸው?» አለችኝ። «አንቱታውን ይዘሽ፣ እውነቱን ሳትቀንሺ» አልኳት። እንዲህ አለች፦

«ጋሼ፣ ወንዙ ሲሞላ ድንጋዩ ከሥር ሲንከባለል ይሰማል ያሉን ጊዜ እኔ ወንበሬን ጨብጬ ነበር። የልጅነት ጓደኛዎ እጅዎን ሲለቅ ደግሞ ድምፅዎን ዝቅ አደረጉት፤ እዚያ ቦታ ላይ ማንም አላሳለም። አንድ ነገር ልለምንዎ። መጀመሪያ ላይ ስለ አውራጃው አከላለል ሲነግሩን እኔ ወንዙን እየጠበቅኩ ነበር፤ አረንጓዴው ሊነሣ ሲል ነው የደረስነው። በሚቀጥለው ጊዜ ከወንዙ ዳር ይጀምሩልን፤ አውራጃውን እየተሻገርን ይነግሩናል።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ተናጋሪ ለአስተያየት መልስ አይሰጥም፤ «አመሰግናለሁ» ብሎ ይቀመጣል፣ ሕጉ ይህ ነው፤ እሳቸውም አከበሩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ንግግር ይዘው መጡ። አትሮንሱ ጋ ቆመው የመጀመሪያ ቃላቸው «በሬው ገደል ገብቷል» የሚል ነበር። ልጅቷ ከኋላ ሆና አፏን በእጇ ያዘች። አርባ ዓመት ላስተማሩት ሰው እንዲህ ያለ አስተያየት ሲነገራቸው ያ የመጀመሪያው ነበር።

የቆጣሪው ደብተር

ቆጣሪው ደብተሩን በሠንጠረዥ ይከፋፍላል፤ በግራ የተናጋሪው ስም፣ በላይ ቃላቱ። የአማርኛ ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦ «ማለት ነው»፣ «ያው»፣ «እንትን»፣ «በቃ»፣ «እንግዲህ»፣ «አይደል?»፣ «ከዚህ አንጻር»፣ «ነው የምለው»፣ እና ረጅሙ «እእእ…»። እያንዳንዱ ቃል ቦታው ላይ ሲውል ጥፋት የለበትም። የሚቆጠረው ሐሳብ እስኪመጣ መሸፈኛ ሲሆን ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን በስድስት ደቂቃ 23 ጊዜ «ማለት ነው» ብዬ ነበር፤ ደብተሩን ባላየው አላምንም ነበር።

አንዳንድ ቦታ በተሳሳቱ ቁጥር ደወል ይመታል። እኔ አልደግፈውም፤ ሐሳብ ይሰብራል፣ አዲስ ሰው ያስደነግጣል። ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ይነበብ፣ ይበቃል።

የሽፋኑ ቃል ሲወጣ ቦታውን የሚይዘው ዝምታ ነው፤ ዝምታን ደግሞ መልመድ ያስፈልጋል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ የመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤ ፊት ሲቆሙ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ረባሾቹ ከአዳራሹ እስኪወጡ ድረስ ጠበቁ፤ ከዚያ በአማርኛ ንግግራቸውን ጀመሩ። አባላትዎን ይህን ያስታውሷቸው። በዚያ ሁሉ ጩኸት ፊት ዝም ብሎ መቆም ከተቻለ፣ በወዳጅ ፊት ሁለት ሰከንድ ዝም ማለት አያቅትም።

መዝጊያው

1፡15 ላይ ሰዓት ያዡ፣ ቆጣሪውና የቋንቋ ታዛቢው በሁለት ሁለት ደቂቃ ሪፖርታቸውን ያቅርቡ። ታዛቢው ቢያንስ አንድ ያማረ አነጋገር ይጥቀስ፤ ሰው የተናገረው ቃል ተመልሶ ሲነገርለት ደስ ይለዋል። እንግዶች አንዳንድ ቃል ከፈለጉ ይናገሩ። መድረክ መሪው የሚቀጥለውን ምሽት ድርሻዎች ያስይዝ፤ ሰው ወንበሩ ላይ እያለ ስሙን ካልሰጠ በኋላ አይገኝም። 1፡30 ላይ ይዘጋ።

ሻይና ዳቦ ቆሎ ካለ ከመዝጊያው በኋላ ይሁን። መሐል ላይ ከሆነ ሃያ ደቂቃ ይበላል። መዋጮ ከሰበሰባችሁ ገንዘብ ያዥ ይኑር፤ በየስብሰባው ሒሳቡን ሁለት ዐረፍተ ነገር ያህል ያሳውቅ።

የክበቡ ጸሐፊ በማግስቱ ጠዋት ላልመጡት ሰዎች ይደውልላቸው። ለወቀሳ አይደለም፣ «ቀርተህብናል» ለማለት ነው። ሰው ከክበብ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ንግግሩ የተበላሸበት ከመሰለው ምሽት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ አንድ ስልክ ካልተደወለለት አይመለስም። እኔ ራሴ በዚህ ቸልተኝነቴ ሁለት ጥሩ አባላት አጥቻለሁ።

አሁን ካሌንደርዎን ይክፈቱ። የሁለት ሳምንት ማክሰኞ ይምረጡና ቀን ይቁረጡ። ሰባት ሰው ይጥሩ፤ ከሰባቱ አንዱ «እኔ እንኳ መናገር አልችልም» የሚል ይሁን። የመጀመሪያውን ንግግር እርስዎ ያቅርቡ፣ ለእርስዎ አስተያየት እንዲሰጥም ያንኑ ሰው ይመድቡት።